የእናት ዚልፋ እንጉርጉሮ

ኦዴል ታተም ዕድሜውን ሙሉ ያሳደደው ድምፅ ከሃርሞኒካው አሥር ቀዳዳዎች በአንዱም ውስጥ አልነበረም። ችግሩ ይኸው ነበር። ድምፁን ግን አሳምሮ ያውቀዋል። በጆሮው ብቻ አልነበረም የሰማው፤ በጉንጩም ነክቶታል። ዕድሜው አራት ዓመት ገደማ ሳለ፣ ሎንግብሬክ በምትባለው የሚሲሲፒ የጥጥ መንደር፣ በጊልቦዓ ቤተ ክርስቲያን የፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ፊቱን በእናቱ ጎን ቀብሮ በእንቅልፍና በንቃት መሃል ሆኖ ነው ያገኘው።

በዚያ ዘመን ጊልቦዓ ኦርጋን የላት፣ ከበሮ የላት። ዲያቆኑ ከመዝሙሩ አንድ ስንኝ በችኮላ ያነበንባል፤ ሕዝቡ ያችኑ ስንኝ ይቀበልና እንደ ወፍራም ማር እየሳበ ያስረዝማታል። መዝሙሩ አለቀ ሲባል ደግሞ አያልቅም። ነጭ ለብሰው ፊት የሚቀመጡት እናቶች ቃሉን ይተዉና አፋቸውን ዘግተው ዜማውን ብቻ ይቀጥላሉ። ቃል የሌለውን ጸሎት ሰይጣን ሰምቶ ሊያበላሸው አይችልም ይሉ ነበር። ዚልፋ ታተም ገና ወጣት ብትሆንም በድምጿ የተነሳ ከአሮጊቶቹ ጋር አስቀምጠዋታል፤ "እናት ዚልፋ" ነበር የምትባለው። ልጆቿን በግራና በቀኝ አድርጋ እሷ ስትጀምር የወንበሩ እንጨት ሳይቀር ይነዝራል።

ኦዴል በጉንጩ የነካው ያንን ንዝረት ነው። አንድ ድምፅ ነበር፤ ግን ዝም ብሎ አይቆምም። ወደ ውስጥ ጎንበስ ይልና ይመለሳል፤ በመሃሉ አንዳች ነገር እንደሚተነፍስ ዓይነት ቀስ እያለ ያብጣል፣ ይሟሽሻል። ልጁ ያ ሁሉ ከእናቱ የጎድን አጥንት የሚወጣ መስሎት አደገ።

ሃርሞኒካውን ያመጣለት ከሜምፊስ የመጣ አጎቱ ነው። እዚህ ላይ የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የኦዴል ሕይወት በሙሉ ከዚህ ጠባይ ጋር የተደረገ ክርክር ነውና። ሃርሞኒካ በመዳፍ የምትጠፋ ትንሽ ዕቃ ናት። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት የነሐስ ምላሶች አሉ፤ አንዱ ሲነፉት፣ አንዱ ሲስቡት ይጮኻል። የሠሯት ጀርመኖች በመንፋት ደስ የሚል የሰርግ ዜማ እንድታወጣ ብለው ነው። የሚሲሲፒ ሰዎች ግን ገለበጧት። ከመንፋት ይልቅ ይስቧታል። ሲስቡ ምላሳቸውን ወደ ኋላ ዝቅ፣ ጉሮሯቸውን ሰፋ ካደረጉት ድምፁ ሸክም እንዳለበት ሰው ጎንበስ ይላል። ጀርመኖቹ ያላስቀመጡት ድምፅ፣ ከሁለት ድምፆች መካከል ያለው ስንጥቅ፣ በዚያ መንገድ ይገኛል። ብሉዝ የሚኖረው በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው።

ሌላም አስገራሚ ነገር አላት። ሁለተኛውን ቀዳዳ ሲስቡትና ሦስተኛውን ሲነፉት የሚወጣው ድምፅ አንድ ዓይነት ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡ መንትዮች ናቸው። ነገር ግን ሰው በአንድ ጊዜ መንፋትና መሳብ አይችልምና መንትዮቹ አብረው ተሰምተው አያውቁም። ኦዴል ይህን በልጅነቱ ደርሶበት፣ ስቆ ትቶታል።

እናቱ ልጇ የቅዳሜ ጭፈራ ቤት ሰው እንደሚሆን ስታውቅ አልገረፈችውም። ከቤቷ ጣሪያ ሥር እንዳይሆን ብቻ አዘዘች። በስምንት ዓመት የምትበልጠው እህቱ ኦርሊ ሜ ግን ተቆጣች። "የእማማን ጡት ጠብተህ ለሰካራም ትነፋለህ" አለችው። እየነፋሁ ሳይሆን እየሳብኩ ነው ብሎ መለሰላት፤ እሷም ድስቱን ያማሰለችበትን ማንኪያ ወረወረችበት።

ከዚያ ቺካጎ ነው። በሚሲሲፒ ጥጡን ማሽን መልቀም ሲጀምር የመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ በባቡር ወደ ሰሜን ሄደ፤ ኦዴልም አብሮ ሄደ። ቀን የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ክሌቮን ቢዝሊ ከሚባል የሎንግብሬክ ልጅ ጋር በምዕራቡ ሰፈር መጠጥ ቤቶች ይጫወታል። ክሌቮን ጊታር መቺ ነው፤ ምላሱ ደግሞ ከጊታሩ ይፈጥናል። ኦዴልን "ጉንጬ" ያለው እሱ ነው፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። ያ ዘመን ለኦዴል ዛሬም የወርቅ ዘመን ነው። የእንጨት ሃርሞኒካውን የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ይነክራል፤ እንጨቱ አብጦ ድምፁ ይጎላል፤ ያበጠው እንጨት ግን ወጣ ወጣ ይልና ከንፈሩን ይቆርጠዋል። ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ቨርኒስ፣ "ዛሬ ማን መታህ?" ትለዋለች። ጠዋት በምላጭ ያበጠውን ይከረክመውና እንደገና ይነክረዋል። የከረከመው ፍቅፋቂ በወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተበትኖ ቨርኒስ ስትጠርግ የምታዜመው ዜማ እስካሁን በጆሮው አለ።

እናቱ የሞተችው በዚያ ዘመን ነው። ኦዴል ለቀብሩ ወደ ደቡብ ወርዶ ጊልቦዓ ውስጥ ቆመ። እናቶቹ አንጎራጎሩ፤ የሚፈልገው ድምፅ ግን የለም። ከእናቴ ጋር ተቀበረ ብሎ ተመለሰ። ያን ዕለት ነው እንዳይጠፋ በሃርሞኒካ ልያዘው ብሎ የቆረጠው።

በመጀመሪያው ሸክላ ሞከረው። ሚስተር ሌኒክ የሚባል ሰው ከልብስ መስፊያ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ሸክላ ይቀርጽ ነበር። ኦዴል ዘፈኑ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ሁለተኛውን ቀዳዳ ሳበ፤ አጎነበሰው፤ ያዘው፤ እናቱን እየጠበቀ። ሚስተር ሌኒክ ከመስተዋቱ ጀርባ ሆኖ ጣቱን አንገቱ ላይ እያመላለሰ አቁም፣ ሸክላው አለቀ ይላል። ክሌቮን ግን ማይክሮፎኑ ገና ክፍት ሳለ፣ "ጉንጬ፣ ሰዉ ሸክላ የሚገዛው ሊጨፍር ነው፤ አንተ ቀብር ታወጣለህ" አለ። ሸክላው ላይ የክሌቮን ድምፅ እስከ "ሊጨፍር" ድረስ ይሰማል። ሸክላው በየመጠጥ ቤቱ ተጫወተ፤ የሚፈለገው ድምፅ ግን ውስጡ አልነበረም።

ሁለተኛው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ፍሎሪስ የሚባል ረጅም ሆላንዳዊ፣ የድሮ ሸክላ ሲፈልግ የኖረ፣ የመቅጃ መሣሪያውን ተሸክሞ የኦዴልን የኋላ ደረጃ ወጣ። እጅግ ጠንቃቃ ሰው ነበር። የማቀዝቀዣውን ገመድ ሳይቀር ነቅሎ፣ ማይክሮፎኑን አስጠግቶ አንዲት ትንፋሽ ሳትቀር ቀዳ። ሲሰሙት ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ኦዴል አንገቱን ነቀነቀ። ያ ድምፅ እንደተላጨች ድመት ነው፤ ድመትነቷ አልጠፋም፣ ግን ማን ያቅፋታል?

ከሁሉ የቀረበው ሦስተኛው ነበር፤ እሱም ሳይታሰብ። በአንድ መጠጥ ቤት ሲጫወቱ ሰው የቀዳው ነው። ኦዴል በዚያን ጊዜ የታክሲ ጣቢያ ሰዎች ለሾፌሮች የሚጮኹበትን ዓይነት ማይክሮፎን ከሃርሞኒካው ጋር በመዳፉ ጨምቆ ይይዝ ነበር። የድምፅ ማጉያው አርጅቷልና ሲጨነቅ ያጓራል። ቅጂውን በኋላ ሲሰማ፣ ያ የጎነበሰ ድምፅ በማጉያው ማጓራት ውስጥ ለቅጽበት አበጠ፣ ሟሸሸ። ኦዴል እጁን ጉንጩ ላይ አደረገ። ቨርኒስ ጥርሱን ያመመው መስሏት ቅርንፉድ አመጣችለት። ደጋግሞ ሰማው። ነገሩ ግን የማሽኑ ነው፤ ማጉያው ሲሰበር አብሮ ጠፋ። በሌላ በማንኛውም ማጉያ ሊያገኘው አልቻለም።

ክሌቮን ሞተ። ቨርኒስም ሞተች። የሚጫወትባቸው ቤቶች አንድ በአንድ ተዘግተው አንዱ የመኪና ጎማ መሸጫ ሆነ። ኦዴል አሮጌ ፒክአፑን እየነዳ ወደ ሎንግብሬክ ተመለሰ። እህቱ ኦርሊ ሜ ባሏን ቀብራ ብቻዋን ትኖር ነበርና የኋላዋን ክፍል ሰጠችው፤ የእናታቸውንም ትእዛዝ ሳታጎድል አብራ ሰጠችው። ከጣሪያዋ ሥር አይሳብም፣ አይነፋም። ከሸክላዎቹ አንዱንም ሰምታ አታውቅም። ኦዴልም አልተከራከረም። ከጓሮው የፔካን ዛፍ ሥር ፒክአፑን አቁሞ ውስጡ ተቀምጦ ይጫወታል። ሳንባው እንደ ድሮው አይደለም። ድምፅ በመሳብ ለማስረዘም መጀመሪያ ደረትን ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያረጀ ሳንባ ደግሞ ቶሎ ይሞላል።

በዚህ በጋ ፍሎሪስ ስልክ ደወለ። እሱም አርጅቷል። በጥቅምት እመጣለሁ፣ አንድ የመጨረሻ ቅጂ እንሥራ አለ። ኦዴል እሺ አለ፤ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን እንቅልፍ ነሳው። ይህ ካመለጠ ሌላ ዕድል የለም። በጊልቦዓ ዛሬ ከበሮና የኤሌክትሪክ ኦርጋን ገብቶ፣ መዝሙሩ በግድግዳ ላይ ተጽፎ ይበራል፤ ስንኝ የሚያነበንብ ዲያቆን የለም፤ አፉን ዘግቶ የሚያንጎራጉርም የለም። የእናት ዚልፋን ድምፅ የሚያስታውስ ሰው በዓለም ላይ ቢፈለግ ሁለት ነው። ከሁለቱ አንዱ እሱ ራሱ ሲሆን ራሱን ማመን አቁሟል። ትክክል ነው ወይም ስህተት ነው ብላ ልትፈርድለት የምትችለው ያቺው ሰምታው የማታውቀው እህቱ ናት። የእሷም ጆሮ በየወሩ እየደከመ ነው።

ኦርሊ ሜ ጓሮ በር ላይ ተቀምጣ የባቄላ እሸት ስትፈለፍል አገኛት።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ።"

"ገንዘብ ከሆነ የለኝም። ጸሎት ከሆነ ተቀመጥ።"

"ጆሮሽን ነው የምፈልገው።"

"ጆሮዬን ሐኪሙም ፈልጎ አላገኘውም" አለች፤ መፈልፈሏን አላቋረጠችም።

ነገራት። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ያለውን፣ የሚስተር ሌኒክን፣ የተላጨችውን ድመት፣ የማጉያውን ማጓራት ሁሉ ነገራት። ዕድሜውን ሙሉ የመጠጥ ቤት ዘፈን ሲያሳድድ የኖረ ይመስላት ነበርና እጇ እሸቱ ላይ ቀረ። ቢሆንም ወዲያው እሺ አላለችም። በቤቷ ጣሪያ ሥር እንደማይሆን፣ ግቢው ውስጥም የፓስተሩ ሚስት ከአጥሩ ማዶ ልብስ እያሰጣች እንደሆነ አስታወሰችው። ኦዴል ወደ ፔካኑ ዛፍ አየና፣ የፒክአፑ ጣሪያ የማን ነው ብሎ ጠየቃት።

ኦርሊ ሜ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። እምቢ ማለቷ ነው ብሎ ሲያስብ፣ የእሑድ ኮፍያዋን አድርጋ ወጣች። ፒክአፑ ውስጥ ገብታ ኮፍያዋ ጣሪያውን እየነካ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። "መስኮቱን ዝጋ" አለችው። ሙቀቱ የሚያቀልጥ ነበር። ዘጋው።

ደረቱን ባዶ አደረገ። ሁለተኛውን ቀዳዳ ሳበ፤ ድምፁ ሲወጣ አጎነበሰው፤ ሳንባው እስኪሞላ ያዘው። ሲጨርስ አላያትም። መሪውን ነው የሚያየው።

"ማነው ይሄ?" አለች።

"እማማ ናት።"

"እማማ እንዲህ ብላ አታውቅም። እማማ ቀጥ ያለች ነበረች። እንደ ቱንቢ። ድምጿ ከጀመረበት ንቅንቅ አይልም።"

ኦዴል ሃርሞኒካዋን ከከንፈሩ አወረደ። ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ሲስብ ነበር? ይህን ሊል አፉን ሲከፍት እሷ ቀደመችው፤ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

"ይሄ የጎነበሰው እኔ ነኝ" አለች። "በሌላ ጎኗ እኔ ነበርኩ የምቀመጠው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። እማማ ስትጀምር እኔም አብሬ እጀምራለሁ፤ ድምፄ ግን አልደርስ ይለኛል። ከሥሯ ሆኜ ወደ ላይ እንጠራራለሁ፣ እንደገና እወርዳለሁ። አንድ ቀን አፍሬ ዝም አልኩ። እማማ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። አታቁሚ አለችኝ፤ የኔ ድምፅ ብቻውን ይቀዘቅዘዋል አለችኝ።" ቦርሳዋን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። "ታዲያ አንተ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በየመጠጥ ቤቱ ስታዞር የኖርከው እኔን ነው?"

እንዴት እንደሆነ ኦዴል ወዲያው ገባው። ዕቃውን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንደ ቀትር ግልጽ ነው። ድሮ በሎንግብሬክ የጥጥ መዳመጫው ሁለት ሞተሮች ነበሩት። ፍጥነታቸው እኩል ለመሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ከርቀት የሚሰማው ሁለት ሞተር ሳይሆን አንድ የሚያብጥና የሚሟሽሽ ድምፅ ነበር። ሁለት ድምፆች እጅግ ተቀራርበው ሳይገጥሙ ሲቀሩ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ ያ መተንፈስ የመሰለው ነገር ፍትጊያው ነው። ከእናቱ ጎድን የወጣው ቀጥ ያለው ብቻ ነበር። ጎንበስ ያለው ከእናቱ ወዲያ ማዶ፣ ከእህቱ ነው የመጣው። ሁለቱ ሕፃኑ ጉንጭ ላይ ሲደርሱ አንድ ሆነው ነበር። ለዚህ ነው ሃርሞኒካ ብቻዋን ልታወጣው ያልቻለችው። ቀጥ ያለው አንድ ትንፋሽ ነው፣ የጎነበሰው ሌላ፤ ሰው ደግሞ አንድ ደረት ነው ያለው። በቀብሩም ላይ የጠፋው ለዚህ ነው። ቀጥ ያለችው ሞታለች፤ ሌላኛይቱ ደግሞ ዝም ብላለች።

ለምን ዝም እንዳለች ጠየቃት። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አንጎራጉራ አታውቅም። "ማንን ልከተል?" አለች። "የሚጀምር ሲኖር አይደል መከተል።"

ከአጥሩ ማዶ የፓስተሩ ሚስት ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። ኦዴል ሃርሞኒካዋን በሸሚዙ ጠረገ። ከዚያ ያልጠበቀችውን ነገር ጠየቃት። እሱ እሷን ከሆነ፣ እሷ ደግሞ እናታቸውን ልትሆን ትችል እንደሆነ። ቀጥ ያለውን።

ኦርሊ ሜ በመጀመሪያ ዕብድ ነህ አለችው። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ድምፅ ቀጥ ሊል? አፌን ከፍቼ የእግዚአብሔርን ስም ስጠራ እንኳ እንደ ቅጠል ይርገበገባል አለች። ከብሉዝ ጋር ደግሞ አልተባበርም። እሱም ብሉዝ እንዳልሆነ፣ ቃል እንደሌለው፣ እናታቸው የጀመረችው ጸሎት እንደሆነ አስረዳት። በማግስቱ ምሳ በልተው ሳህኑ ሲታጠብ፣ ኮፍያዋን አድርጋ ወደ ፒክአፑ ስትሄድ አያት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ እዚያው ናቸው። ሥራው ካሰቡት በላይ ከባድ ነው። የኦርሊ ሜ ድምፅ ይርገበገባል፤ ድምፁ ሲርገበገብ ፍትጊያው ይጠፋል። ስለዚህ አጠር አጠር አድርጋ፣ ሳትጮኽ፣ ከደረቷ ሳይሆን ከአፍንጫዋ ሥር መያዝን እየተለማመደች ነው፤ እናታቸው በመጨረሻ ዓመታቷ እንዲህ ታደርግ እንደነበር ትዝ ብሏታል። የኦዴል ችግር ሌላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር ሲሞላ የኖረ ሰው ነው። እሷ ትንፋሽ ልትወስድ ባቆመች ቁጥር እሱ ይገባበታል፤ ቀጥ ያለውንም ሊወስድባት ይሞክራል። እሷም በቦርሳዋ ጉልበቱን ትመታዋለች። "ጠብቅ አንተ ልጅ። ያንተ ከሥር ነው።"

ፍሎሪስ መሣሪያውን ይዞ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አልተወሰነም። ኦርሊ ሜ ጸሎት በማሽን አይቀዳም ብላ ነበር። በኋላ ግን ያ ሆላንዳዊ ሲጸልዩ ባርኔጣውን ያወልቅ እንደሆነ ጠየቀች፤ ደግማም ፒክአፑ ለሦስት ሰው ይበቃ እንደሆነ ጠየቀች። ኦዴል ይበቃል ብሎ ከመቀመጫው ኋላ ያለውን አሮጌ ጎማና የውሃ ባልዲ ማውጣት ጀምሯል።

ትናንት አንዴ ብቻ መጣ። እሷ ጀመረች፤ ቀጥ አለ። እሱ ከሥር ገባ፤ ወደ ላይ ተንጠራራ፤ ሊደርስባት ሲል ተወው፤ በመካከላቸው አየሩ አበጠ፣ ሟሸሸ፣ አበጠ። የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ከዚያ ሳንባው ሞላ፤ ሳል ያዘው። እሷ የእጅ መሐረብ ሰጠችው።

ዛሬ ደግሞ እንደገና ይዘውታል። መስኮቱ ተዘግቷል። ኦርሊ ሜ ዓይኗን ጨፍና ጀምራለች። ድምጿ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ቦታውን እየፈለገ ነው። ኦዴል ሃርሞኒካዋን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያለውን ትንፋሽ በሙሉ አውጥቷል፤ ደረቱ ባዶ ነው፤ ለመሳብ ይቸኩላል፤ ግን አይስብም። ቀጥ እስክትል እየጠበቀ ነው።